ዮጋ በትምህርት ቤት፦ ወላጅ ከመፈረሙ በፊት ሊያውቀው የሚገባ

በአሜሪካዋ አላባማ ግዛት ዮጋን በመንግሥት ትምህርት ቤት ማስተማር ለ28 ዓመታት ክልክል ነበር። የግዛቲቱ የትምህርት ቦርድ በ1993 ዮጋን ከሂፕኖቲዝምና ከሜዲቴሽን ጋር ደምሮ አገደው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) እገዳው የተነሣው በ2021 ነው። ያስነሡትም በዩኒቨርሲቲ የአሜሪካን ፉትቦል ይጫወቱ የነበሩትና ዮጋን ከስፖርቱ ጋር የለመዱት የምክር ቤት አባል ጄረሚ ግሬይ ናቸው። ሕጉ ግን በሩን ወለል አድርጎ አልከፈተም። እንቅስቃሴዎቹ የሚጠሩት በእንግሊዝኛ ስም ብቻ ነው። ማንትራ የሚባሉትን ቃላት እየደጋገሙ ማዜም አይቻልም። «ናማስቴ» የሚለው የሕንዶች ሰላምታ እንኳ ተከልክሏል። ተማሪውም የሚካፈለው ወላጁ ፈርሞ ከፈቀደለት ነው።

እንዲህ ያለ የፈቃድ ወረቀት በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ ልጅ በሚያሳድግ ኢትዮጵያዊ ቤትም ሊገባ ይችላል። ወላጅ «ባዕድ አምልኮ ነው» ብሎ ሳያነበው ሊመልሰው ይችላል፤ ወይም ትምህርት ቤት የላከው ሁሉ መልካም ነው ብሎ ሳያነበው ሊፈርም ይችላል። ሁለቱም ልጁን አይጠቅሙም ብዬ አምናለሁ። ዮጋ በአሥራዎቹ ዕድሜ ላለ ልጅ ተአምር አይሠራለትም። ደኅና አስተማሪ ካገኘ ግን ሲቆጣ፣ ሲጨነቅ፣ ለፈተና ሲቀመጥ የገዛ ሰውነቱን ማረጋጋትን ሊማርበት ይችላል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ከዚህ የበለጠ ቃል የሚገባ ፕሮግራም ካለ ግን መጠርጠር ይገባል።

ክፍል ውስጥ የሚሆነው

ለታዳጊዎች የሚሰጠው የትምህርት ቤት ዮጋ ፎቶግራፍ ላይ ከሚታየው በጣም ይለያል። እግርን አንገት ላይ መጠምጠም የለም፤ በጭንቅላት መቆምም በደንብ በታሰበበት ፕሮግራም ውስጥ ቦታ የለውም። ተማሪዎቹ ጫማቸውን አውልቀው ስስ ምንጣፍ ያነጥፋሉ። ለጥቂት ደቂቃ ቁጭ ብለው ትንፋሻቸውን ያዳምጣሉ፤ በአፍንጫ ቀስ ብለው ይስቡና ከሳቡበት ጊዜ አስረዝመው ያስወጣሉ። ከዚያ ይነሣሉ። እጅን ወደ ላይ መዘርጋት፣ ጎንበስ ማለት፣ አንዱን እግር ወደ ኋላ ሰዶ የፊተኛውን ጉልበት ማጠፍ፣ በአንድ እግር ቆሞ ሚዛን መጠበቅ፣ በደረት ተኝቶ ትከሻን ቀና ማድረግ፤ ይህ ሁሉ በዝግታና ከትንፋሹ ጋር እየተጣጣመ ይሠራል። መጨረሻ ላይ በጀርባ ተጋድሞ ለአምስት ደቂቃ ያህል ዝም ማለት አለ። በቀን ውሎው ውስጥ ማንም ምንም የማይጠይቀው ብቸኛ ጊዜ ለብዙ ልጅ ይህ ሊሆን ይችላል።

ውድድር የለም፤ ነጥብም አይያዝም። ይህ ቀላል የሚመስል ነገር በስፖርት ክፍለ ጊዜ ሁልጊዜ መጨረሻ ለሚመረጥ ልጅ ትልቅ ነው። ሰውነቱ በፍጥነት እየተለወጠ ያለ፣ በቁመቱ ወይም በክብደቱ የሚያፍር ታዳጊ፣ ማንም ሳያወዳድረው መንቀሳቀስ የሚችልበት ሰዓት ያገኛል።

ምንጣፍም ሆነ ሰፊ አዳራሽ የሌላቸው ትምህርት ቤቶች ደግሞ ሌላ መንገድ አላቸው። በካሊፎርኒያዋ ኦክላንድ ከተማ ያለው ኒሮጋ ኢንስቲትዩት ያዘጋጀው ልምምድ በመደበኛው ክፍል ውስጥ በ15 ደቂቃ የሚያልቅ ነው። በባልቲሞር ደግሞ ሁለት ወንድማማቾችና አንድ ጓደኛቸው በ2001 ያቋቋሙት ሆሊስቲክ ላይፍ ፋውንዴሽን በፓተርሰን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የትምህርቱ ቀን ሲጀመርና ሊያበቃ ሲል ተማሪው ሁሉ በያለበት የትንፋሽ ልምምድ የሚያደርግበትን ሰዓት ዘርግቷል። ይኸው ድርጅት በሚሠራበት በሮበርት ኮልማን የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የተጣላ ወይም የረበሸ ልጅ በቅጣት ከመቀመጥ ይልቅ ወደ አንድ ጸጥ ያለ ክፍል ይላካል። እዚያም ይተነፍሳል፣ ይረጋጋል፣ የሆነውንም ይናገራል። ልጅን ከክፍል አባርሮ ኮሪደር ላይ ከማቆም ይህ እጅግ ይሻላል።

ትንፋሽ ለምን ይሠራል?

ሰው ሲደነግጥ ወይም ሲቆጣ ልቡ በፍጥነት ይመታል፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፣ ጡንቻው ይወጠራል። ይህን የሚያዝዘው የነርቭ ሥርዓት ከፈቃዳችን ውጭ ነው፤ ልብን «ቀስ በል» ብሎ ማዘዝ አይቻልም። ትንፋሽ ግን ለየት ይላል። ተኝተንም ሳናስበው ይሄዳል፤ ስንፈልግም እናዘገየዋለን። ስለዚህ ልብንም በትንፋሽ በኩል መድረስ ይቻላል። አንባቢ አሁኑኑ ሊሞክረው ይችላል፦ ሁለት ጣት የእጅ አንጓ ላይ አድርጎ የደም ሥሩን ምት እያዳመጠ በጥልቀት ቢተነፍስ፣ ሲስብ ምቱ ፈጠን፣ ሲያስወጣ ዘግየት ሲል ያስተውላል። በወጣቶች ላይ ለውጡ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። ልብን የሚያዘገየው ከአንጎል ግርጌ ተነሥቶ እስከ ልብና ሆድ የሚወርደው ቬገስ የሚባለው ነርቭ ነው። አየር የምናስወጣበት ጊዜ ሲረዝም የዚህ ነርቭ ሥራ ይበረታል። አርፎ የተቀመጠ ጤነኛ ትልቅ ሰው በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል፤ በዝግታ የትንፋሽ ልምምድ ግን ወደ 6 ገደማ መውረድ ይቻላል።

ታዳጊዎች ይህን ችሎታ ከትልልቆች አብልጠው ይፈልጉታል። የማመዛዘንና ራስን የመግዛት ሥራ የሚሠራው የአንጎል የፊት ክፍል ብስለቱን የሚጨርሰው በሃያዎቹ አጋማሽ ነው። ስሜት ግን ከዚያ ብዙ ዓመት ቀድሞ በሙሉ ኃይሉ ይመጣል። እንቅልፍም አለ። ለእንቅልፍ የሚያዘጋጀን ሜላቶኒን የሚባለው ሆርሞን በጉርምስና ጊዜ ከቀድሞው ዘግይቶ መመንጨት ይጀምራል። ልጁ በጊዜ ተኛ ቢባል እንቅልፍ አይወስደውም፤ ጠዋት ደግሞ አውቶቡሱ አይጠብቀውም። ከ13 እስከ 18 ዓመት ላለ ልጅ የሚመከረው በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ነው። ያን የሚያገኘው ስንቱ ነው? የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉት ልጆች ከ7ቱ አንዱ የአእምሮ ጤና እክል አለበት፤ ትምህርት ቤት ከሚሄዱት ታዳጊዎች ደግሞ 81 በመቶው በቂ የአካል እንቅስቃሴ አያደርጉም። ትምህርት ቤቶች ወደ ዮጋ የዞሩት በእነዚህ ሁለት ችግሮች መሐል ቆመው ነው።

ከማይሶር እስከ ካሊፎርኒያ

ዮጋ በሕንድ ከሁለት ሺህ ዓመት የሚበልጥ ታሪክ አለው። በጥንቱ ታሪኩ ጎልቶ የሚታየው ግን የሰውነት እንቅስቃሴው ሳይሆን ተመስጦው ነው። ዛሬ ትምህርት ቤት ውስጥ የምናየው ከእንቅስቃሴ ወደ እንቅስቃሴ የሚፈስ ዮጋ በአብዛኛው የተቀረፀው በ1930ዎቹ በደቡብ ሕንድ በማይሶር ከተማ ነው፤ የተቀረፀውም ለወንዶች ልጆችና ለጎረምሶች ነበር። የማይሶር ንጉሥ ክሪሽናማቻርያ የተባሉትን መምህር ጠርተው በቤተ መንግሥቱ የዮጋ ትምህርት ቤት እንዲከፍቱ አደረጉ። የታሪክ ተመራማሪዎች እንደሚያሳዩት ጊዜው የአውሮፓ ጂምናስቲክ በሕንድ ትምህርት ቤቶች የገባበት ስለነበር ሁለቱ ተወራርሰዋል። ከክሪሽናማቻርያ ተማሪዎች አንዱ ኋላ በዓለም የታወቁት አየንጋር ሲሆኑ ማይሶር የደረሱት በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳሉ ነው፤ ሕመም ያደቀቃቸው ልጅ ነበሩ። ሌላው ፓታቢ ጆይስ ናቸው፤ እሳቸውም ከክሪሽናማቻርያ ጋር ሲገናኙ የ12 ዓመት ልጅ ነበሩ።

ከዚህ ታሪክ አንዱ ምዕራፍ የተጻፈው አዲስ አበባ ላይ ነው። ዩኔስኮ ዮጋን በሰው ልጅ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው በ2016 መጨረሻ በአዲስ አበባ በተካሄደው ጉባኤው ሲሆን፣ የኦሮሞ የገዳ ሥርዓትም የተመዘገበው በዚያው ጉባኤ ነው።

የሃይማኖት ጥያቄ

የፓታቢ ጆይስ ስም በካሊፎርኒያ ፍርድ ቤትም ተነሥቷል። በስማቸው የተቋቋመ ፋውንዴሽን ከሳንዲያጎ ሰሜን ላለው ለኤንሲኒታስ የትምህርት ቤቶች አስተዳደር ከ500 ሺህ ዶላር በላይ ሰጥቶ ተማሪዎች በሳምንት ሁለት ጊዜ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ዮጋ መማር ጀመሩ። ልጆቹ ከታዳጊዎች ያነሱ ነበሩ፤ ጥያቄው ግን ለሁሉም ዕድሜ ያው ነው። አንዳንድ ወላጆች «ይህ ሃይማኖት ነው፤ መንግሥት ለልጆቻችን ሃይማኖት ማስተማር አይችልም» ብለው በ2013 ከሰሱ። ዳኛው ዮጋ ሃይማኖታዊ ሥር እንዳለው አልካዱም። በዚያ ትምህርት ቤት የሚሰጠው ግን በጥንታዊው የሕንድ ቋንቋ በሳንስክሪት የተሰጡ ስሞችና ሃይማኖታዊ ነገሮች የወጡለት የአካል እንቅስቃሴ ሆኖ አግኝተውት ፕሮግራሙ እንዲቀጥል ፈረዱ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በ2015 ውሳኔውን አጸና።

የዚህ ፍርድ ጥቅሙ ወላጅ የሚመዝንበትን ነጥብ ማሳየቱ ነው። ዳኛው የመዘኑት የዮጋን ስም ሳይሆን ክፍሉ ውስጥ የሚነገረውንና የሚደረገውን ነው። መምህሯ ጉልበት አጥፉ፣ ቀስ ብላችሁ ተንፍሱ እያለች ከሆነ ከስፖርት ትምህርት ብዙም አይርቅም። ማንትራ እያዘመረች፣ በጣዖት ምስል ፊት እያስቀመጠች ወይም ስለ ነፍስ ጉዞ እያስተማረች ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያን የማይፈልግ ኦርቶዶክስ፣ ፕሮቴስታንት ወይም ሙስሊም ወላጅ ኋላቀር ተብሎ ሊናቅ አይገባም።

በዮጋ አገር በሕንድም ቢሆን ጉዳዩ ያከራክራል። ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ዮጋ ግዴታ ይሁን የሚል አቤቱታ ለሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቀርቦ ነበር፤ ፍርድ ቤቱ በ2017 አልተቀበለውም። እኔም በግዴታ አላምንም። ልጅ ተገድዶ ዝም ቢል አይረጋጋም። ከቤተሰቡ እምነት ጋር ተጋጭቶ ምንጣፍ ላይ የሚተኛ ልጅ ደግሞ ጭንቀት ይጨምርበታል እንጂ አይቀንስለትም። ቤተሰቡ «ይቅርብን» ካለ ትምህርት ቤቱ ለልጁ ሌላ ደኅና ሥራ ማዘጋጀት አለበት፤ መጻሕፍት ቤት ጥግ ላይ ብቻውን ማስቀመጥ ቅጣት ነው የሚመስለው።

ጥናቶቹ ምን ይላሉ?

በተስፋና በማስረጃ መካከል ያለውን ርቀት እዚህ ላይ በግልጽ ማየት ያስፈልጋል። በ2012 የታተመ አንድ ጥናት በምዕራብ ማሳቹሴትስ ገጠር ባለ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን ተመለከተ። 121 ተማሪዎች በዕጣ ተከፍለው አንዳንዶቹ ዮጋ፣ ሌሎቹ የተለመደውን ስፖርት ለ11 ሳምንታት ሠሩ። ዮጋ የሠሩት ቁጣን በመግታት፣ ችግርን ተቋቁሞ በመቆምና ድካምን በመቀነስ ከሌሎቹ ተሻሉ። በሌሎቹ መለኪያዎች አብዛኛው ልዩነት አስተማማኝ ሆኖ አልተገኘም። አንድ ነገር ግን ትኩረቴን ይስበዋል። ስፖርት በሠሩት ልጆች ላይ ስሜታቸው ጊዜው በገፋ ቁጥር የመክፋት አዝማሚያ አሳየ፤ ዮጋ የሠሩት ግን ባሉበት ቆዩ ወይም በጥቂቱ ተሻሻሉ። ማለትም ዮጋው ልጆቹን ብዙ ባያሻሽላቸውም ወደ ታች እንዳይንሸራተቱ ሳይረዳቸው አልቀረም።

በባልቲሞር በ97 የ4ኛና የ5ኛ ክፍል ልጆች ላይ ተደርጎ በ2010 የታተመው ጥናትም ይመሳሰላል። ለ12 ሳምንታት፣ በሳምንት አራት ቀን ልምምዱን የሠሩት ልጆች ያለፈ ክፉ ነገርን ደጋግሞ ማብሰልሰልና ሳይፈልጉት የሚመጣ አስጨናቂ ሐሳብ ቀነሰላቸው። በድብርት ምልክቶች ላይ ግን ልዩነት አልታየም።

እነዚህ ጥናቶች ትንንሽ ናቸው፤ ጊዜያቸውም አጭር ነው፤ ውጤቱም የተለካው በአብዛኛው ልጆቹ ስለ ራሳቸው በሞሉት መጠይቅ ነው። አዲስና ደስ የሚል ነገር የጀመረ ልጅ «ተሻለኝ» ማለቱ ደግሞ አይገርምም። ስለዚህ በብሪታንያ የተደረገው ሰፊ ጥናት ሊታለፍ አይገባም። የተጠናው ዮጋ ሳይሆን በብዙ የዮጋ ክፍሎች ውስጥም የሚገባው ማይንድፉልነስ ነው፤ ሐሳብን ከትናንትና ከነገ መልሶ አሁን በሚሆነው ላይ የማሳረፍ ልምምድ ማለት ነው። ከ80 በላይ ትምህርት ቤቶችና ከ8,000 የሚበልጡ ከ11 እስከ 13 ዓመት ያሉ ልጆች ተካፈሉበት። በ2022 ውጤቱ ሲወጣ፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ልምምዱን የተማሩት ልጆች የተለመደውን ትምህርት ከቀጠሉት የተሻለ የአእምሮ ጤና አልነበራቸውም። እንዲያውም ቀድሞ የጭንቀትና የድብርት ምልክት በነበረባቸው ልጆች ላይ በጥቂቱ የባሰ ውጤት የጠቆሙ መለኪያዎች ነበሩ። አብዛኞቹ ልጆች ልምምዱን ከክፍል ውጭ አልሠሩትም። መምህራኑ ግን ለጥቂት ጊዜም ቢሆን ከሥራ መሰላቸታቸው ቀንሶ ተገኘ።

እኔ ከዚህ የምረዳው ለሁሉም ልጅ በአንድ ጊዜ በግድ የሚታደል የመረጋጋት ትምህርት ብዙ እንደማይጠቅም ነው። ፈልጎ ለመጣ ልጅ፣ ሰውነቱን እያንቀሳቀሰ፣ ከሚወደው አስተማሪ ጋር፣ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ሲሆን ግን ተስፋ ይሰጣል። ከጉርምስና ልጅ ጋር የኖረ ወላጅ ይህን ከራሱ ቤት ያውቀዋል፤ ያልፈለገውን ነገር አታስለምደውም።

ትምህርት ቤቱን ምን እንጠይቅ?

ከሁሉ በፊት ስለ አስተማሪው። ዮጋ ማወቅ ብቻ አይበቃም፤ ከታዳጊዎች ጋር መሥራት የሚያውቅ ሰው መሆን አለበት። የተማሪን ሰውነት እየነካ የሚያስተካክል ከሆነ አስቀድሞ ፈቃድ ይጠይቃል ወይ? እኔን ቢጠይቁኝ በትምህርት ቤት ውስጥ ባይነካ ይሻላል፤ በቃልና በማሳየት ማስተማር ይቻላል። ዐይን መጨፈንም ግዴታ ሊሆን አይገባም። ይህ ከጦርነት፣ ከስደት ወይም ከቤት ውስጥ ጥቃት ለወጣ ልጅ ወሳኝ ነው። ጸጥ ባለ ክፍል ዐይኑን ጨፍኖ ሲተኛ የሸሸው ትዝታ ሊመጣበት ይችላል። ጥሩ አስተማሪ ልጁ ዐይኑን ገልጦ ወለሉን እንዲያይ፣ ካልተመቸውም ተነሥቶ እንዲቀመጥ ወይም እንዲወጣ ይፈቅዳል፤ ምክንያቱንም በክፍሉ ፊት አይጠይቀውም።

ቀጥሎ፣ ዮጋው የገባው የምን ሰዓት ተቀንሶ ነው? የሩጫና የኳስ ሰዓት ከሆነ ጥሩ ልውውጥ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ልብን የሚያስመታ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ለስላሳ ዮጋ ያን አይሞላም። ገንዘቡን ማን እንደሚሰጥና መማሪያውን ማን እንዳዘጋጀውም መጠየቅ ነውር የለውም። የኤንሲኒታስ ክርክር አንዱ መነሻ ይኸው ነበር።

እንግሊዝኛው የሚከብዳቸው ወላጆች ዝም ብለው እንዳይፈርሙ አደራ እላለሁ። በአሜሪካ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤት ለወላጅ በሚገባው ቋንቋ የማስረዳት ግዴታ አለበት። በዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ በ2004 በወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ከሚገለገሉት ዋና ዋና ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ልጁን አስተርጓሚ ማድረግ ግን በዚህ ጉዳይ ላይ ትክክል አይሆንም፤ ውሳኔው ስለ ራሱ ነውና።

ዮጋ የማይበቃበት ጊዜ

ልጁ ለሳምንታት ከፊቱ ደስታ ከጠፋ፣ ከጓደኞቹ ከራቀ፣ ምግብና እንቅልፉ ከተዛባ፣ ውጤቱ በድንገት ከወረደ፣ ስለ ሞት ማውራት ከጀመረ ወይም ራሱን ከጎዳ የሚያስፈልገው ሐኪምና የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው። የዮጋ ክፍል ከሕክምናው ጎን ሊረዳው ይችላል፤ ሕክምናውን መተካት ግን አይችልም፤ ወደ ዮጋ ክፍል እየሄደ ነው ብሎ መዘግየትም አደገኛ ነው። በቤተሰባችን የአእምሮ ሕመምን ደብቆ መያዝ የተለመደ በመሆኑ ይህን በተለይ ማንሣት እፈልጋለሁ። ጸበልና ጸሎት የሚያጽናናው ቤተሰብ ከዚያ ጎን ልጁን ለሐኪም ቢያሳየው እምነቱን አልተወም።

በአሜሪካ የመጀመሪያው በር የትምህርት ቤቱ አማካሪ ነው፤ ቀጠሮ ለመጠየቅ የሪፖርት ካርድ ቀን መጠበቅ አያስፈልግም። ሕይወትን የሚያሰጋ ነገር ሲኖር 988 የተባለው የእርዳታ ስልክ መስመር ቀንና ሌሊት በነፃ ይሠራል፤ ደዋዩ አስተርጓሚ መጠየቅ ይችላል። ልጁ ራሱ ደውሎ ወይም አጭር የጽሑፍ መልእክት ልኮ ማነጋገር ስለሚችል ቁጥሩ በእሱም ስልክ ላይ ቢኖር ጥሩ ነው።